ግሉኮስ በሁለት ስሙ

በቦሌ መድኃኔዓለም፣ በገርጂ፣ በሲ.ኤም.ሲ.ና በአያት ባሉ ክሊኒኮች አንድ ሕመምተኛ አቅም አጥቶ ሲተኛ፣ በክንዱም ላይ መርፌ ተሰክቶ ከላይ ከተንጠለጠለው ከረጢት ፈሳሹ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር፣ ጠያቂ ዘመድ ሁሉ «ግሉኮስ ተተከለለት» ተባብሎ ልቡን ያሳርፋል፤ ከዚያው ዘመድ መካከል አንዱ በሳምንቱ ለራሱ ምርመራ ሄዶ፣ ጣቱ ተወግቶ ከወጣችው አንዲት የደም ጠብታ የተነሣ «ስኳር አለብዎ» የተባለ እንደ ሆነ ግን ፊቱ ዐመድ ይመስላል። ሆኖም ግሉኮስ የተባለው አዳኝና ስኳር የተባለው ጠላት በባሕርይ አንድ ናቸው። ከከረጢቱ የሚንጠባጠበውና በመለኪያው መስኮት ላይ በቁጥር የሚታየው ያው አንዱ ንጥረ ነገር ነው፤ ስሙን ሁለት ያደረገው መጠኑና የሚገኝበት ስፍራ ነው እንጂ የተፈጥሮው ልዩነት አይደለም።

ይህን ነገር ዛሬ አንሥቶ መመርመር የሚያስፈልገው፣ በእነዚህ የምሥራቅ አዲስ አበባ ሰፈሮች ስለ ስኳር በሽታ የሚነገረው ወሬ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እጅግ በመብዛቱ፣ ዕውቀቱ ግን ከወሬው ጋር እኩል ባለመራመዱ ነው። የደም ስኳር መለኪያ ከሐኪም ጠረጴዛ ወርዶ ከሰው ቤት ገብቷል። ሻዩን ያለ ስኳር የሚጠጣ ሰው በርክቷል፤ ነገር ግን ሻዩን መራራ ያደረገው ሰው ከጭማቂ ቤት ገብቶ አንድ ብርጭቆ ስፕሪስ ሲያዝዝ፣ ወይም «ማር እኮ ስኳር አይደለም» ብሎ በማንኪያ ሲጨልፍ ይታያል። የማር ጣፋጭነት ግን ከግሉኮስና ከወንድሙ ከፍሩክቶስ በቀር ከሌላ ከምንም የመጣ አይደለም ለማለት ጥቂት ብቻ ይጎድለዋል። በሌላው ወገን ደግሞ ለብዙዎች በመርፌ የሚሰጠው ፈሳሽ ሁሉ ግሉኮስ ይመስላቸዋል፤ ከእነዚህ ከረጢቶች ብዙዎቹ የጨው ውኃ ናቸው፤ በእርግጥ ግሉኮስ የያዘውም ቢሆን፣ በመቶ አምስት እጅ የተበጠበጠው አንዱ ሊትር 50 ግራም ብቻ ይዞ ወደ 200 ካሎሪ ገደማ ስለሚሰጥ፣ አንድ ሙሉ እንጀራ ከሚሰጠው ኃይል ያነሰ ነው።

የቀለበቱ ባሕርይ

ማርግራፍ የተባለ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1747 ይህን ንጥረ ነገር ከዘቢብ ለይቶ አወጣው፤ ግሉኮስ የሚለውን ስም፣ ጣፋጭ የወይን ጭማቂ ከሚለው የግሪክኛ ቃል ተወስዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1838 አገኘ። ስድስት የካርቦን፣ ዐሥራ ሁለት የሃይድሮጅንና ስድስት የኦክስጅን አተሞች ያሉት መሆኑ ቀድሞ ቢታወቅም፣ በእነዚያው አተሞች ብዛት ሌሎች ብዙ ስኳሮች ሊሠሩ ስለሚችሉ፣ የአንዱን ከሌላው መለየት ቁጥር በመቁጠር ብቻ የሚፈታ ምሥጢር አልነበረም። እያንዳንዱ አተም ወደ ቀኝ ወይስ ወደ ግራ ይዞራል የሚለውን እ.ኤ.አ. በ1891 የፈታው ኤሚል ፊሸር ነው፤ ስለ ስኳሮችና ስለ ሌሎች ውሑዳን ላደረገው ምርምርም በ1902 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

የግሉኮስ ሞለኪውል በውኃ ውስጥ እንደ ዘንግ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ራሱን ጠምዝዞ ቀለበት ይሠራል፤ አምስት ካርቦኖችና አንድ ኦክስጅን ስድስቱን ማዕዘን ይይዛሉ፤ ስድስተኛው ካርቦን ከቀለበቱ ውጭ ይንጠለጠላል። ቀለበቱ በሚገጥምበት ስፍራ ላይ ያለችው አንዲት የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ ወደ ታች ብትዞር አልፋ፣ ወደ ላይ ብትዞር ቤታ ይባላል፤ ከዚህ ታናሽ ልዩነት የሚወጣው ውጤት ግን የእርሻውንና የከብቱን፣ የማዕዱንና የማገዶውን ዓለም ለሁለት የሚከፍል ነው። ዕፀዋት በፀሐይ ብርሃን ከአየርና ከውኃ የሠሩትን ግሉኮስ በአልፋው ገጽ እያያያዙ ሲደረድሩት ስታርች ይሆናል፤ በቤታው ገጽ ሲደረድሩት ሴሉሎስ ይሆናል። ዐውድማ ላይ በሬዎቹ ጤፉን አበራይተው ምርቱና ጭዱ በተለየ ጊዜ፣ ፍሬው ለሰው፣ ጭዱ ለከብት የሚሆነው ከዚህ የተነሣ ነው፤ የሁለቱም አካል ዋና ክፍል የግሉኮስ ሰንሰለት ሲሆን፣ የሰው ልጅ የአልፋውን ማያያዣ የሚፈታ ኤንዛይም በምራቁና በአንጀቱ ተሰጥቶታል፤ የቤታውን ግን አልተሰጠውም። በሬውም ቢሆን ጭዱን የሚፈታለት በሆዱ ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው።

ከዚህ የሚከተለው አንድ ነገር በቦሌ ካፌዎች ከሚደረገው ክርክር ሁሉ በላይ ሊታወስ ይገባዋል፤ ይኸውም እንጀራውም፣ ዳቦውም፣ ፓስታውም፣ ሩዙም ምላስ ላይ ባይጣፍጡም ከአንጀት ሲደርሱ የሚፈቱት ወደ ግሉኮስ ነው። በሻይ የሚጨመረው ነጭ ስኳር ደግሞ የአንድ ግሉኮስና የአንድ ፍሩክቶስ ጥምረት ነው፤ ስለዚህ ግማሹ ብቻ ግሉኮስ ነው ማለት ነው፤ የቀረው ፍሩክቶስ አብዛኛው በጉበት ተይዞ ሲበዛ ወደ ስብ ይለወጣል። እንግዲህ ምላስ ለዚህ ጉዳይ በቂ ዳኛ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ከጠቅላላው ጉዳይ ይልቅ ልብን የሚመስጠው ይኸው ነውና። ከሺህ የግሉኮስ ሞለኪውሎች መካከል በአንድ ቅጽበት ቀለበቱን ፈትቶ ክፍት ሆኖ የሚገኘው ከአንድ ያነሰ ነው። ክፍት በሆነበት ጊዜ ጫፉ ከፕሮቲን ጋር የመጣበቅ ጠባይ አለው፤ ተጣብቆም የሄሞግሎቢንን፣ የደም ሥርን፣ የዓይንንና የኩላሊትን ፕሮቲኖች ቀስ በቀስ ያበላሻል። ግሉኮስ ከመሰሎቹ ስኳሮች ሁሉ ይልቅ በቀለበቱ ውስጥ መቀመጥን ስለሚወድ ለፕሮቲን የሚያስከትለው ጥፋት አነስተኛ ነው፤ ተፈጥሮ ከሌሎቹ መርጣ የሕይወት ሁሉ ነዳጅ ያደረገችው በዚህ ምክንያት ይሆናል ብለው ያሰቡ ሊቃውንት አሉ። ሐኪሞች የሦስት ወር ስኳር የሚሉት ምርመራ የሚለካውም ይህንኑ መጣበቅ ነው፤ ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ገደማ ስለሚኖር፣ በሄሞግሎቢኑ ላይ የተጣበቀው ግሉኮስ ያለፉትን ወራት መዝግቦ ይቆያል። ሰው በምርመራው ዋዜማ ምግቡን ቢቀንስ የዕለቱን ቁጥር ሊያስተካክል ይችል ይሆናል፤ ይህን መዝገብ ግን አይፍቀውም።

አምስት ግራም

በአንድ ጤነኛ ጎልማሳ ደም ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚዘዋወረው ግሉኮስ በጠቅላላ አምስት ግራም ያህል፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ እምብዛም የማይበልጥ ነው። ሰው ሳይበላ ሲለካ ከ70 እስከ 99 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር የሚባለው መደበኛ ቁጥር የሚገልጸው ይህችን ታናሽ መጠን ነው፤ 126ና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ሲጸና የስኳር በሽታ ይባላል፤ ከ180 አልፎ ሲሄድ ኩላሊት ሊመልሰው ስለማይችል ከሽንት ጋር ይፈስሳል፤ የጥንት የሕንድ ሐኪሞች በሽታውን የማር ሽንት ብለው የሰየሙት ይህን አይተው ነው። አንጎል ብቻውን በቀን 120 ግራም ገደማ ግሉኮስ ሲፈጅ፣ ቀይ የደም ሕዋሳትም ከግሉኮስ በቀር ሌላ ነዳጅ ሳያውቁ፣ በደም ውስጥ አምስት ግራም ብቻ ተይዞ የቀኑና የሌሊቱ ሥራ ሁሉ ሳይቋረጥ መካሄዱ፣ ገቢና ወጪውን በየደቂቃው የሚያስታርቅ ሥርዓት ከመኖሩ የተነሣ ነው።

የዚህ ሥርዓት ጎተራ ጉበት ነው። እዚያ መቶ ግራም ያህል ግሉኮስ እርስ በርሱ ተያይዞ ግላይኮጅን በሚባል መልክ ይከማቻል፤ በጡንቻዎች ደግሞ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይኖራል፤ ነገር ግን የጡንቻው ለራሱ ለጡንቻው ብቻ ነው። የጉበቱን ምሥጢር የገለጠው ፈረንሳዊው ክሎድ በርናር እ.ኤ.አ. በ1857 ነው። ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ደግሞ የበር ጠባቂነት ሥራ አለው፤ ሰው ከበላ በኋላ ግሉኮሱ ሲጨምር ኢንሱሊን ወጥቶ በጡንቻና በስብ ሕዋሳት ውስጥ ተደብቀው የተቀመጡትን በሮች ወደ ሕዋሱ ገጽ ያወጣቸዋል፤ ጉበትንም ከጎተራው ማውጣቱን እንዲያቆም ያዘዋል። ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 በቶሮንቶ ተለይቶ እስኪወጣ ድረስ፣ ቆሽታቸው ኢንሱሊን ማመንጨት ያቆመ ልጆች በደማቸው ስኳር እየሞላ ሕዋሳቸው ግን እየተራበ ይሞቱ ነበር።

በጾም ጊዜ የሚሆነውም በዚሁ ይብራራል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ጤነኛ ምእመን ከጉበቱ ጎተራ እየተመጸወተ ይውላል፤ ጎተራው ሲመናመን ጉበት ከሌላ ነገር አዲስ ግሉኮስ መሥራት ይጀምራል፤ ከዚያም ሲረዝም አካሉ ወደ ስብ ይዞራል። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ስኳርን በኃይል የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ ሰው ግን ይህ መንገድ አደጋ አለበት፤ በመድኃኒቱ ትእዛዝ በሩ ተከፍቶ ሳለ ከውጭ የሚገባ እህል ስለማይኖር፣ አምስት ግራሟ ተሟጣ ላብ፣ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ይከተላል። በቦሌና በአካባቢው ያሉ የክርስቲያንም የሙስሊምም ቤተ ሰቦች ከሁዳዴና ከረመዳን በፊት ሐኪማቸውን፣ ከሐኪማቸውም ጋር የንስሐ አባታቸውን ወይም ሼሃቸውን ማማከር የሚገባቸው ስለዚህ ነው፤ ሃይማኖቶቹ ለሕሙማን የሰጡትን ፈቃድ ሕሙማኑ ራሳቸው በእልህ ሲተዉት መታየቱ ያሳዝናል።

ከኢንሱሊን ሌላ ያን የተደበቀ በር የሚያወጣ ሁለተኛ ኃይል አለ፤ እርሱም የጡንቻ እንቅስቃሴ ነው። የሚራመድ ሰው የጭኑ ጡንቻ ያለ ኢንሱሊን ትእዛዝ በሩን ይከፍታል። ለስኳር ሕሙማን «በእግርዎ ይሂዱ» የሚባለው ምክር ለውፍረት ብቻ የታሰበ የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ቢያውቁ፣ ከምሳ በኋላ የሚደረገው የሃያ ደቂቃ መንገድ የዚያኑ ምሳ ግሉኮስ የሚቀበል መሆኑን ይረዱ ነበር።

በምሥራቁ ሰፈር የተለወጠው

ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክፍለ ከተማ እስከሚሆን ድረስ፣ በምሥራቁ ጫፍ እርሻና ግጦሽ የነበረው ምድር በኮንዶሚኒየምና በቪላ ተሞልቷል። በዚህ መስፋፋት የተለወጠው የግሉኮስ ገቢም ወጪም ነው። ወጪውን ያሳነሰው መቀመጥ ነው፤ አያት ሆኖ መሀል ከተማ የሚሠራ ሰው ጠዋትና ማታ በታክሲ፣ በመኪና ወይም በ2008 ዓ.ም. በተከፈተው ቀላል ባቡር ይመላለሳል፤ ቀኑንም በወንበር ይውላል። ገቢውን ያበዛው ደግሞ የሚጠጣ ስኳር ነው። የታክሲ ረዳቶች «ሰሚት ፔፕሲ» እያሉ የሚጠሩት ፌርማታ ስሙን ያገኘው እዚያው ካለው የለስላሳ ፋብሪካ ነው፤ ለስላሳ መጠጥ ለአንድ ሰፈር ስም እስከ መሆን የዘለቀ የኑሮ ክፍል ሆኗል ማለት ነው።

ሂሳቡን በቅርብ ማየት ይጠቅማል። በመቶ ሚሊ ሊትር ዐሥር ግራም ያህል ስኳር የያዘ ለስላሳ፣ በ300 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ 30 ግራም ይሆናል፤ ከዚህ ግማሹ፣ 15 ግራም፣ ግሉኮስ ሲሆን በደም ውስጥ ካለው ከጠቅላላው ሦስት እጥፍ ነው፤ ፈሳሽ ስለ ሆነና የሚያዘገየው ገለባ ስለሌለው ፈጥኖ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ የተጨመረ ስኳር ከዕለቱ ኃይል ከመቶ ዐሥር እጅ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከአምስት እጅ በታች፣ ማለትም 25 ግራም ገደማ እንዲሆን ይመክራል፤ አንዱ ጠርሙስ ብቻውን ከዚህ ያልፋል። ቡናውም ከዚህ ነጻ አይደለም፤ አቦል፣ ቶናና በረካ ሦስቱንም በሁለት በሁለት ማንኪያ የጠጣ ሰው 24 ግራም ያህል ወስዷል። በጭማቂ ቤት ደግሞ አቮካዶው ከታች፣ ማንጎው ወይም ዘይቱኑ ከላይ ተደርድሮ ቪምቶ ሲፈስስበት ያለው ስፕሪስ፣ አቮካዶው በቅባቱና በገለባው ግሉኮሱን የሚያዘገይ መልካም ነገር ሆኖ ሳለ፣ ጉዳቱ ከላይ በሚፈስሰው ቀይ ሽሮፕና «ስኳር ይጨመር?» ተብሎ ሲጠየቅ በሚሰጠው መልስ ላይ ነው።

ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት በዓለም 537 ሚሊዮን፣ በኢትዮጵያ ደግሞ 1.9 ሚሊዮን ገደማ ጎልማሶች ከበሽታው ጋር ይኖሩ ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሳይመረመሩ የሚኖሩ ስለሆነ፣ ምርመራው ሲስፋፋ ቁጥሩ መጨመሩ አይቀርም፤ ይህንንም ጭማሪ ሁሉ አዲስ መቅሠፍት አድርጎ መቁጠር ስሕተት ይሆናል።

ከረኀብ የሚመጣው ስኳር

እስካሁን የተባለው ሁሉ ስኳር በሽታን የጥጋብ በሽታ ያስመስለዋል፤ በቦሌ የሚሰማውም አነጋገር «የሀብታም በሽታ» የሚል ነው። ይህ አነጋገር ግን በገጠሩ ኢትዮጵያ የሚታየውን ሌላውን ገጽ ይሸፍናል። በጎንደርና በሌሎችም ስፍራዎች ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት የታዘቡት፣ ከሲታ የሆኑ፣ በልጅነታቸው በቂ ምግብ ያላገኙ ወጣት ገበሬዎች ደማቸው በስኳር ሞልቶ ሲመጡ ነው። ፕሮፌሰር ጀማል አብዱልቃድርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ ያለባቸውን ኢትዮጵያውያን አመጋገባቸው እየተስተካከለ ሳለ ሆርሞኖቻቸውን መርምረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ይህን ዓይነት ከመደቦቹ ቆጥሮት ነበር፤ በ1999 ሰረዘው፤ በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ባንኮክ በተደረገው ጉባኤ ግን ፌዴሬሽኑ «ዓይነት 5» በሚል ስም ዕውቅና ሰጠው።

ይህ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። በብዙ ጎልማሶች ዘንድ የሚታየው ዓይነት 2 ኢንሱሊን እያለ በሩ እልኸኛ የሆነበት ሲሆን፣ በእነዚህ ከሲታ ሰዎች ዘንድ ጉድለቱ ያለው በሩ ላይ ሳይሆን በኢንሱሊኑ ማነስ ላይ ነው ተብሎ ይታሰባል፤ ስለዚህ «ክብደት ቀንስ፣ እህል አሳንስ» የሚለው የቦሌ ምክር ለእነርሱ ቢሰጥ ረኀብን በረኀብ ማከም ይሆናል። ከገጠር ለሕክምና መጥቶ በየካ ወይም በለሚ ኩራ ዘመድ ቤት የሚያርፍ ቀጭን ወጣት፣ ሽንቱ በዝቶ ውኃ ጥሙ ሲጸና «አንተማ ስኳር አይዝህም» ተብሎ እንዳይታለፍ፣ የጤና ጣቢያ ባለሙያውም የቤቱ ባለቤትም ይህን ማወቅ ይገባቸዋል።

ታክሱ፣ ቀበሌውና መንገዱ

የመንግሥት እጅ በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ወደ ተለያየ አቅጣጫ የሚጎትቱ ሥራዎች ይሠራል። ወንጂ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ከጀመረ ወዲህ ስኳር በኢትዮጵያ የቅንጦት ዕቃ መሆኑ ቀርቶ እንደ እህል የሚፈለግ ነገር ሆነ፤ በዚህም ምክንያት በሸማቾች ማኅበራት በኩል በተወሰነ ዋጋ ሲታደል ኖሯል፤ «የቀበሌ ስኳር መጣ» ሲባል ሰልፍ የሚያዝ መሆኑን የማያውቅ የለም። በሌላው እጁ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በስኳርና በለስላሳ መጠጥ ላይ ታክስ ይጥላል። ድሃውን ከዋጋ ንረት ለመጠበቅ የሚደረገውና ጤናን ለመጠበቅ የሚደረገው በአንዱ ኪሎ ስኳር ላይ ይገናኛሉ። እኔ የሚመስለኝ፣ የሻይ ስኳሩን ጉዳይ ለኑሮ ውድነቱ ትቶ ታክሱን በሚጠጣው ስኳር ላይ ማጥበቅ ይሻላል፤ ምክንያቱም የሚጠጣው ፈጥኖ የሚገባ፣ የማያጠግብና በሌላ ነገር ሊተካ የሚችል ነው።

የታክሱ አሠራርም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በዋጋ መቶኛ የሚሰላ ታክስ አምራቹ ስኳሩን እንዲቀንስ አያስገድደውም፤ ብዙ ስኳር ያለውም ጥቂት ያለውም በእኩል መቶኛ ይከፍላሉና። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2018 ጀምሮ ያደረገችው ግን በመቶ ሚሊ ሊትር ከአራት ግራም በላይ የሆነውን እያንዳንዱን ግራም ማስከፈል ነው፤ እንዲህ ሲሆን ፋብሪካው ራሱ መጠጡን ማቅለል ይጠቅመዋል። ይህ አሠራር በየምርቱ ውስጥ ያለውን ስኳር የሚለካ ላቦራቶሪና ቁጥጥር ስለሚጠይቅ በአንድ ቀን የሚደረስበት አይደለም፤ የማይደረስበት ግን አይደለም።

መንገዱ ደግሞ ከተባለው ሁሉ ይልቅ ተስፋ የሚሰጥ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው፣ ጎዳናዎችን ለእግረኞች የሚከፍተው «መንገድ ለሰው» በወር አንድ ቀን ብቻ ያደርግ የነበረውን፣ ከቦሌ እስከ መገናኛ የተዘረጋው የኮሪደር ልማት የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ዘወትራዊ ሊያደርገው ይችላል፤ የመንገዱ ጥቅም ግን ወደ ሰሚት፣ ወደ ጎሮና ወደ አያት ውስጥ ለውስጥ ካልዘለቀ፣ በዋናው ጎዳና የሚሄዱት ጥቂቶች ብቻ ሆነው ይቀራሉ።

ከዚህ በኋላ የሚጠበቀውን ስንመዝን፣ ታክሱ ባለበት ቆይቶ ምርመራው ብቻ ቢስፋፋ፣ የታወቁ ሕሙማን ቁጥር በፍጥነት ይጨምራል፤ እነርሱም ኢንሱሊንና የደም መለኪያ ስትሪፕ ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ ይዞራሉ። ታክሱ በግራም ቢሰላና መንገዱ ቢዘልቅ፣ የአዲስ ሕሙማን ፍጥነት ቀስ በቀስ ሊገታ ይችላል፤ ይህ ግን ውጤቱን በዓመታት እንጂ በወራት የማያሳይ ነው። ሦስተኛውና እኔ የምፈራው፣ ሰዎች ከሻያቸው ስኳር አውጥተው በዳቦና በጭማቂ እየተኩት፣ «ስኳር ትቻለሁ» ብለው ልባቸውን አሳርፈው ሳይመረመሩ መቆየታቸው ነው፤ ይህ ዛሬም በከፊል ተጀምሯል። ከእነዚህ ሁሉ የትኛውም ቢመጣ፣ ከለስላሳ መጠጥ ከሚሰበሰበው ታክስ መጀመሪያ ሊታሰብለት የሚገባው ወጪ በጤና ጣቢያ የሚገኝ ኢንሱሊን፣ የደም መለኪያ ስትሪፕና ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ ነው፤ ከገጠር የመጣው ከሲታ ወጣትም፣ በሰሚት የምትኖር ወፍራም ነጋዴም ያለ እነርሱ የሚይዙት ምክር ሁሉ በእጃቸው ወረቀት ሆኖ ይቀራልና።